የሥራውን በር የያዘው ማን ነው?

(በኮምቦልቻ ለግንባታ ሠራተኞችና ለአነስተኛ ተቋራጮች በተጠራ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁ፣ ከሐርቡ በኩል በጠዋት የተነሳችሁ፣ እዚሁ ከኮምቦልቻ ሰፈሮች በእግራችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። የመረቃችሁን አባቶች፣ ዱዓችሁም ጸሎታችሁም ይድረስ። ዛሬ እሑድ ነው። ለብዙዎቻችሁ ከሳምንቱ ጀርባችሁ የሚያርፈው ዛሬ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ቀን ለማኅበራችሁ ሰጥታችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ ከልቤ አከብራችኋለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔም ሥራ የጀመርኩት በረዳትነት ነው። ጠጠርና አሸዋ ተሸክሜያለሁ። ኋላ ፌሮ ማሰር ተማርኩ፣ ኋላ ፎርማን ሆንኩ፣ በምሠራበት ድርጅትም በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ አገልግዬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

አዘጋጆቹ ሲጠሩኝ «ስለ ማኅበር ጥቅም ተናገርልን» ነው ያሉኝ። ጥቅሙን ታውቁታላችሁ፤ ባታውቁት ዛሬ እዚህ አትገኙም ነበር። እኔ ሌላ ነገር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። በሌላ አገር የግንባታ ሠራተኞች በላባቸው ያቋቋሙትን ማኅበር የተደራጀ ወንበዴ፣ ማፍያ የሚባለው፣ እንዴት ከእጃቸው እንደወሰደባቸው ልነግራችሁ ነው። ለምን ዛሬ? ማኅበር ልትመሠርቱ ስለሆነ። ከመሠረታችሁ በኋላ ብነግራችሁ ዘግይቻለሁ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ወንበዴው በየት በኩል እንደገባ። ሁለተኛ፣ ማን እንዳስወጣው። ሦስተኛ፣ የእኛ የደሴና የኮምቦልቻ የሥራ በር በማን እጅ እንዳለ። የምጠራው ዓመተ ምህረት የአገራችን ነው ካላልኩ በቀር የፈረንጆች ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ለምን ግንባታ? ለምን ትምህርት ቤት አልሆነም? ለምን ሆስፒታል አልሆነም? እስቲ እናንተው መልሱልኝ፤ አርማታ ከተቦካ በኋላ ይጠብቃል? (ከአዳራሹ፦ «አይጠብቅም!») አይጠብቅም! ሚክሰሩ እየዞረ፣ ሶሌታው፣ ማለት የፎቁ ወለል፣ ግማሽ ተሞልቶ፣ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ መሣሪያውን አስቀምጦ ቢወርድ ምን ይሆናል? ያ አርማታ እዚያው ይደርቃል። ባለቤቱ ይከስራል፣ ተቋራጩ ይከስራል፣ በአንድ ጊዜ መሞላት የነበረበት ሶሌታ መሃሉ ላይ ይቆረጣል። የግንባታ ሠራተኛ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሰዓት ማቆም ብዙ ገንዘብ ማስቆም ይችላል። ይህ ጉልበት በሠራተኛው እጅ ሲሆን ደመወዝ ያስጨምራል፣ የደህንነት ቆብና ጓንት ያስመጣል። በወንበዴ እጅ ሲሆን ግን ማስፈራሪያ ይሆናል፤ ወንበዴው ለተቋራጩ «ካልከፈልከኝ ሠራተኛው ይወርድብሃል» ይለዋል።

ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ይኸው ነው። ራልፍ ስኮፖ የሚባል ሰው ነበር። የሲሚንቶና የአርማታ ሠራተኞች ማኅበራት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነው፤ በቀን የሠራተኛ መሪ ነው። በሌላ ገጹ ግን ኮሎምቦ ከሚባለው የማፍያ ቤተሰብ ወገን ነው። በከተማው ውስጥ «ክለብ» የሚባል ነገር ነበራቸው። ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የአርማታ ሥራ ሲወጣ ክለቡ ውስጥ ላሉ ጥቂት ተቋራጮች ብቻ ይከፋፈላል። ጨረታው ለይስሙላ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተነጋግረዋል። ያሸነፈው ከውሉ ዋጋ ላይ 2 በመቶ ይከፍላል። አስቡት፤ በ10 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ላይ 200 ሺህ ዶላር። አካፋ ላልያዘ፣ አንድ ባሬላ ላልተሸከመ ሰው። አልከፍልም ያለ ተቋራጭስ? ሠራተኛ አይላክለትም፤ የተላከለትም ሥራ ያቆምበታል። በሠራተኛው ስም!

በሠራተኛው ስም ሲባል ግን ሠራተኛው ምን አገኘ? ምንም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ሰው የሚመስለው ማፍያው ተቋራጩን ዘርፎ ለሠራተኛው ያካፈለ ነው። አይደለም፣ አይደለም! ዋናው ተዘራፊ ሠራተኛው ነው። መሪው ሰላም ይሸጥ ነበር። ተቋራጩ ለመሪው በጎን ይከፍለዋል፤ መሪው ደግሞ ተቋራጩ አባል ያልሆነ ሰው በርካሽ ቀጥሮ ሲያሠራ፣ ለጡረታና ለሕክምና መክፈል ያለበትን መዋጮ ሲያስቀር ዓይኑን ይጨፍናል። ፔሮሉ ላይ ስማቸው ተጽፎ ደመወዝ የሚበሉ፣ ሳይቱን ግን ረግጠውት የማያውቁ ሰዎችም ነበሩ። የማን ገንዘብ ነው የሚበሉት? የዚያ ፌሮ የሚያስረው ሰው ገንዘብ ነው።

ታዲያ ሠራተኛው ለምን ዝም አለ? ፈሪ ስለሆነ ነው? ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዚህ ጋ የራሴን ልንገራችሁ።

ልጅ ሆኜ በረዳትነት ስሠራ፣ ስሙን የማልጠራው ሳይት ላይ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ላይ እንቆማለን። ብርዱን የደሴ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ የሚወርደው የጠዋት ንፋስ አጥንት ይገባል። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ይመጣና በጣቱ ይመርጣል። አንተ ግባ፣ አንተ ግባ፣ አንተ ቁም። ቅዳሜ ደመወዝ ስንቀበል፣ ሳይጠይቀን፣ እያንዳንዳችን ከኪሳችን እናወጣለን። ማንም አስገድዶን አያውቅም፤ ዱላ አይተን አናውቅም። ግን የሚሰጠው ሰው ሰኞ ይመረጣል፣ የማይሰጠው ይቆማል። ከወረኢሉ የመጣ አንድ ጓደኛ ነበረን፤ ጎበዝ ሠራተኛ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ብቻውን የሚያነሳ። «የላቤን ለምን እሰጣለሁ?» አለ። በሳምንቱ በሩ ላይ ቆመ። በቀጣዩም ቆመ። ሦስተኛው ላይ አልመጣም፤ ወደ አሰብ ወረደ ተባለ። እኛ ያየነው ለምን ዝም አልን? የቤት ኪራይ አለብን፣ ሽሮና በርበሬ ይገዛል። ዝም ያልነው በሩ በአንድ ሰው እጅ ስለነበረ ነው።

የአሜሪካኑ ማፍያ የያዘው በር ከዚህ የሰፋ ነው እንጂ ሌላ ዓይነት አይደለም። እዚያ በብዙ ከተሞች የግንባታ ሠራተኛ ተቋራጩ ቢሮ ሄዶ አይቀጠርም። በማኅበሩ አዳራሽ ይመዘገባል፣ ማኅበሩ በተራ ወደ ሥራ ይልከዋል። አሠራሩ በራሱ ጥሩ ነው፤ ደላላን ያስቀራል፣ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ግን ተራውን የሚጠራው ሰው ወንበዴ ከሆነስ? በስብሰባ ላይ ተነስቶ «የማኅበሩ ሒሳብ የት አለ?» ያለ አባል ለወራት ተራው አይደርስም። በሩን የያዘ ሰው አንደበትህንም ይይዛል። ዱላና ሽጉጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አልበገርም ላለው ብቻ ነው።

ሌላው ገንዘቡ ነው። ማኅበር ሲያድግ የጡረታና የሕክምና ካዝና ያቋቁማል፤ ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥቂት ተጠራቅሞ ብዙ ሚሊዮን ይሆናል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበር፣ ቲምስተርስ የሚባለው፣ ሲሚንቶና አሸዋ የሚያመላልሱትንም ያቀፈ ትልቅ ማኅበር ነው። የዚህ ማኅበር የጡረታ ገንዘብ ላስ ቬጋስ ውስጥ ላሉ የቁማር ቤቶች ይበደር ነበር፤ ከኋላ የነበሩት ማፍያዎች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ ጂሚ ሆፋ ጁሪ የሚባሉትን፣ ለፍርድ የተጠሩ ዜጎችን፣ በማባበልና በጡረታው ገንዘብ በማጭበርበር በ1964 ተፈረደበት፣ በ1967 ታሰረ፣ ከተፈታ በኋላ ወደ ሥልጣን ለመመለስ ሲታገል በሐምሌ 1975 ከአንድ ምግብ ቤት ደጅ እንደቆመ ጠፋ። እስከ ዛሬ አስከሬኑ አልተገኘም። የሾፌሩ ጡረታ ለቁማር ቤት! ዕድሜውን ሙሉ መሪ ሲጨብጥ የኖረ ሰው፣ ለእርጅናዬ ብሎ ያስቀመጠው ገንዘብ።

እንግዲህ በየት ገባ ላልኩት፣ በሥራ በሩና በካዝናው ነው። ሁለቱም በጥቂት ሰው እጅ ገብተው ሒሳብ የሚጠይቅ ሲጠፋ ገባ።

ሁለተኛውን ልንገራችሁ፤ ማን አስወጣው?

መንግሥት ብቻ ቢመስላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የተነሱት ሠራተኞች ናቸው፤ ሕይወታቸውን የከፈሉም አሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳው ዊልሰን የሚባል የቀለም ቀቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ያለውን ሙስና ፊት ለፊት ይቃወም ነበር። በሚያዝያ 1966 በጥይት ተገደለ። በወሩ ሎይድ ግሪን የሚባለው የትግል ጓዱ፣ እሱም የቀለም ቀቢዎች መሪ፣ ተገደለ። ስማቸውን የምጠራላችሁ ሆን ብዬ ነው። የማፍያዎቹን ስም ሁሉም ያውቃል። የእነዚህን የቀለም ቀቢዎች ስም ግን ማን ያውቃል? እናንተ ዛሬ ሰምታችኋል፤ አትርሱት።

ሕጉም መጣ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። በ1957 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ አቋቁሞ ምርመራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ትልቁ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ቲምስተርስን ከአባልነት አባረረ። በ1959 የወጣው ሕግ ለአባላት የመናገርና የመምረጥ መብት ሰጠ፤ የየአካባቢው ማኅበር ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ በምስጢር ድምፅ ምርጫ እንዲያደርግ፣ ሒሳቡንም ለመንግሥት እንዲያሳውቅ አዘዘ። በ1970 ደግሞ የወንጀል ድርጅትን እንደ ድርጅት መክሰስ የሚያስችል ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ ነው በ1986 የኒው ዮርክ ማፍያ አለቆች የተፈረደባቸው፣ በጥር 1987 ሰባቱ መቶ መቶ ዓመት እስራት የተወሰነባቸው። አንዱ ያ የአርማታው ራልፍ ስኮፖ ነው።

ተፈረደ፣ አለቀ? አላለቀም። ይህን ስሙኝ፣ በጣም ስሙኝ። የኒው ዮርክ አናጢዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ቲዎዶር ማሪታስ በወንጀል ተከስሶ ሳለ በ1982 ጠፋ፤ ተገድሏል ተብሎ ይታመናል። መንግሥት በ1990 ምክር ቤቱን ከሰሰ፣ በ1994 ፍርድ ቤት የሚቆጣጠረው ስምምነት ተፈረመ፣ ተቆጣጣሪ ተሾመ። ጥሩ ነው። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው መሪ፣ ማይክል ፎርድ የሚባለው፣ ከተቋራጮች ጉቦ እየተቀበለ አባል ያልሆኑ ሰዎች በርካሽ እንዲሠሩ ይፈቅድ ነበር። በ2010 ጥፋቱን አምኖ 11 ዓመት ተፈረደበት። ተቆጣጣሪ እያለ! ፍርድ ቤት እያየ!

ከዚህ እኔ የምረዳው፣ ከላይ የተላከ ተቆጣጣሪ ወንበዴውን ያስወጣል፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ዘብ የሚቆመው ግን አባሉ ነው። ቲምስተርስ ከመንግሥት ጋር በ1989 ሲስማማ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ፕሬዚዳንቱን አባላቱ በቀጥታ እንዲመርጡ መደረጉ ነው። በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌሩ ራሱ ድምፅ ሰጠ። የቀን ሠራተኞቹ ማኅበርም፣ ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ብትሆኑ አባል የምትሆኑበት፣ በ1995 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ራሱን ማጽዳት ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት አባላቱ ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ መረጡ።

«ይህ የድሮ የአሜሪካ ወሬ ነው» የሚል ካለ፣ አይደለም። ካናዳ ውስጥ የኩቤክ ክፍለ ግዛት በግንባታ ላይ ያለውን ሙስናና የማፍያ እጅ የሚመረምር ኮሚሽን በ2011 አቋቁማ ሪፖርቱ በ2015 ወጣ። የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎችም በዚያ ምርመራ ተነስተዋል። አውስትራሊያ በቅርቡ፣ በ2024፣ ትልቁ የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ወንጀለኞች ገብተዋል ተብሎ መንግሥት አዲስ ሕግ አውጥቶ ማኅበሩን በውጭ አስተዳዳሪ እጅ አደረገው። የትናንት ነገር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ይህን ታሪክ ይዘው «አያችሁ? ማኅበር የወንበዴ መናኸሪያ ነው፣ አትደራጁ» የሚሉ አሠሪዎች አሉ። እኔም በሥራ ዘመኔ ይህን ከአለቆች አፍ ሰምቻለሁ። አትስሟቸው! ማኅበር በሌለበት ሳይት ላይ በሩን የሚይዝ ሰው የለም? አለ። ሳይቱ በር ላይ ቆሞ በጣቱ ሲመርጠን የነበረው ካቦ ማኅበር ኖሮ ነው? ማኅበር አልነበረም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በማኅበር ውስጥ ያለን ሌባ በድምፅ ማውረድ ይቻላል። ያንን ካቦ በምን እናውርደው? ማንስ ይሰማናል? ደግሞም ከአሜሪካን ማኅበራት አብዛኞቹን ማፍያ ነክቷቸው አያውቅም። ያ አርማታ የተሞላው፣ ያ ፎቅ የቆመው በንጹሕ ሠራተኞች ክንድ ነው። ሥርቆቱ የጥቂቶች ነው፣ ማኅበሩ የብዙዎች ነው።

ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ወደ እኛ።

ደሴና ኮምቦልቻ አሁን ግንባታ ላይ ናቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 በአገራችን አቆጣጠር ከተመረቀ ወዲህ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘኑም፣ የኪራይ ቤቱም፣ ሆቴሉም ተከታትሎ ተነስቷል። ደሴም ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከሮቢት እስከ ገራዶ ፎቅ ይነሳል። በአገራችን አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት የተጎዳው ደግሞ ገና ተጠግኖ አላለቀም። ሥራ አለ። ሥራ ባለበት ሁሉ ደግሞ የሥራ በር አለ። በሩን የያዘው ማን ነው?

ከዓመታት በፊት በሰፈሬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት፣ በጦርነቱ ጣሪያዋ የተመታባት፣ ልጆቿ ከአረብ አገር የላኩላትን ገንዘብ ቆጥባ ብሎኬት ገዛች። ሲኖትራኩ በር ላይ ቆመ። የእህቷ ልጆች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለማውረድ እጅጌውን ጠቅልሎ ቆሟል። ወጣቶች መጡ፤ «ያለእኛ አንዲት ብሎኬት አትወርድም» አሉ። «ልጆቼ ያወርዱልኛል፣ ገንዘብ የለኝም» አለች። «ልጆችሽ ያውርዱ፣ ለእኛ ግን ክፈይ» አሏት። ላልሠሩት! ሽማግሌ ገባ፣ ለመነ። ሾፌሩ ሌላ ጭነት እንዳለበት እየተቆጣ ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል። በመጨረሻ ከፈለች። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ አርማታው አይጠብቅም፣ ሲኖትራኩም አይጠብቅም። የሰውን ሰዓት ይዞ ገንዘብ ማስከፈል ኒው ዮርክም ሆነ ሰፈራችን መንገዱ አንድ ነው።

እነዚያን ልጆች ማፍያ አልላቸውም። እንዲህ ብዬ ከተናገርኩ ኃጢአት ይሆንብኛል። የእኛ ልጆች ናቸው፤ ሥራ ያጡ፣ ያገቡ፣ የወለዱ፣ ጀርባቸው በጭነት የተላጠ ልጆች አሉባቸው። ጭኖ አውርዶ የሚበላውን ሰው ማንም አይነካብኝ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያቺ እናት የከፈለችው ገንዘብ ደረሰኝ አለው? ዋጋውን ማን ወሰነ? ከዚያ ገንዘብ ላይ ያላወረደ፣ ሰፈሩንም የማያውቅ፣ ቤቱ ተቀምጦ ድርሻ የሚወስድ ሰው አለ? ካለ ማን መረጠው? ማን ያወርደዋል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያጡ ነው ነገሩ ወደሌላ የሚዞረው። ዛሬ በር ላይ የቆመው ልጅ ነገ ከኋላው ላለው ሰው ሎሌ ይሆናል።

የሳይቱ ሠራተኛስ? እናንተ የምታውቁትን እኔ አልነግራችሁም። ጠዋት የምትቆሙበትን ቦታ ታውቁታላችሁ። ማን እንደሚጠራችሁ፣ ቅዳሜ ከደመወዛችሁ ለማን እንደምትቆርጡ ታውቃላችሁ። ሴት ረዳቶች ደግሞ ከገንዘብ ሌላም እንደሚጠየቁ ታውቃላችሁ። ዝም አትበሉ! ይህ ነውር ነው፤ ነውርነቱም የጠያቂው ነው እንጂ የእነሱ አይደለም።

ሕግ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ ይላል። ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ያለበት፣ እንደ ብዙዎቻችሁ ትንንሽ ሳይት ላይ ያለ ሰውስ? እሱም ከሌሎች ጋር ሆኖ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ያቋቁማል። እናንተም ለዚህ ነው የተሰበሰባችሁት። አሠሪ ግባ ወይም አትግባ፣ ይህን ምረጥ ያንን አትምረጥ ብሎ እንዳያስገድዳችሁም ሕጉ ይከለክለዋል። ከደመወዛችሁ ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት ወይም ያለ እናንተ የጽሑፍ ስምምነት መቁረጥ አይቻልም። በአገራችን የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በእኛው አቆጣጠር በ1955 ዓመተ ምህረት ነው። አዲስ ነገር እየፈጠራችሁ አይደለም፤ የአባቶቻችሁን መንገድ ነው የያዛችሁት።

ግን አዋጅ ብቻውን ገንዘብ አይጠብቅም። እኛ ወሎዎች ገንዘብ መጠበቅ የምናውቀው ከቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር ከሚለው፣ ነው። ቅሬ የሌለው ሰው እዚህ አለ? የለም። የቅሬ ገንዘብ እንዴት ይጠበቃል? ገንዘብ ያዡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ቤቱ ይታወቃል። የቅሬው ዳኛ ሲያጠፋ ይነገረዋል፣ ካልታረመ ሌላ ይመረጣል። ድሃውም ሀብታሙም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ይጠይቃል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ድንኳን ይተክላል። መዋጮው ይነበባል። በአፍ ይነበባል! ማንበብ የማይችለው አባት እንዲሰማው። ገንዘብ አይጎድልም አልልም፤ ይጎድላል። ሲጎድል ግን ወዲያው ይታወቃል። የምትመሠርቱት ማኅበር ከዚህ ቢያንስ ያሳፍረናል።

ስለዚህ ደንባችሁን ስታጸድቁ እንደ ባልንጀራ የምለምናችሁ ነገር አለ። መሪዎቻችሁን ራሳችሁ፣ በምስጢር ድምፅ፣ ጊዜው ተወስኖ ምረጡ፤ «ኮሚቴው ይመርጣል» የሚለውን አትቀበሉ። የቲምስተርስ ሾፌሮች ይህን መብት ያገኙት ማኅበራቸው ከተዘረፈ በኋላ ነው፣ እናንተ ከመጀመሪያው ያዙት። መዋጮ በባንክ ይሁን፣ በእጅ ከተሰበሰበ ደረሰኝ ይኑረው፣ ያለ ሁለት ፊርማ አንድ ብር አይውጣ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በአዳራሽ ይነበብ። የሥራ ተራ ካወጣችሁ ዝርዝሩን በአንድ ሰው ደብተር ውስጥ አትደብቁት፤ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ማን መቼ እንደተላከ ሁሉም ይይ። ያ የወረኢሉ ልጅ ግድግዳ ላይ ስሙ ቢኖር ኖሮ ማን ያስቀረው ነበር?

ሌላው፣ መሪ ከተቋራጭ ምንም አይቀበል። ምሳ አይቀበል፣ ጫት አይቀበል፣ ለልጁ ሰርግ ድጋፍ አይቀበል። ይህ ያስከፋል፣ አውቃለሁ፤ እኛ የሰው ግብዣ መመለስ እንደ ንቀት የምናይ ሰዎች ነን። ግን በምሳ የጀመረ ነገር የት እንደሚደርስ ማይክል ፎርድን ጠይቁት። በሥራ ዘመኔ ከተቋራጭ ጋር ዝምድና የጀመረ መሪ በስብሰባ ላይ ድምፁ እየላላ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚህ የተቀመጣችሁ ተቋራጮችም፣ እናንተንም አልለቃችሁም። ሁልጊዜ የምንወቅሰው ተቀባዩን ነው። ሰጪ ከሌለ ተቀባይ አለ? «ለሰላም ብዬ ነው የምሰጠው» ትላላችሁ። በኒው ዮርክም 2 በመቶ የከፈሉት እንደዚሁ ነበር የሚሉት። ግን ከዚያ 2 በመቶ ብዙዎቹ አትርፈዋል፤ ጨረታውን ያለ ውድድር አግኝተውበታል፣ ወጪውንም ቤት ሠሪው ላይ ጭነውታል። ለአንድ ሰው በጎን የምትሰጡትን ለሠራተኛው በደመወዙ ላይ ጨምሩለት፤ በውልና በፊርማ፣ በግልጽ። ሠራተኛው ያኔ ራሱ ዘብ ይቆምላችኋል።

ደግሞም የሚጠይቀውን ሰው ጠብቁት። ማኅበሩ ሲመሠረት ሁሉም ወዳጅ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ ነገረኛ የሚባል ሰው ይነሳል፤ «ይህ ደረሰኝ የት አለ?» ይላል። ሁሉም ይሰለቸዋል፣ ስብሰባ አራዘመብን ይላል። ያንን ሰው አታሳፍሩት፣ ተራውንም አትንሱት። ዳው ዊልሰንም በጊዜው ነገረኛ ተብሏል። የእሱ ዓይነት ሰው ዝም ባለ ማግስት ካዝናው ባለቤት ያጣል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም፤ ምክንያቱም ከእኔ ይልቅ እናንተ የምትሉት ይበልጣል። የደንቡ ረቂቅ በር ላይ ካሉት ወጣቶች እጅ አለ፣ ያልደረሰው ይውሰድ። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ጎን ያለው ያንብብላቸው። ስለ ሒሳብ የሚናገረው አንቀጽ ላይ «በየዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል» ይላል፤ እኔ በየሦስት ወሩ እንዲሆን ድምፅ እንዲሰጥበት ለሰብሳቢው ጥያቄዬን አቅርቤያለሁ። ስለ ምርጫም «በእጅ ማውጣት» ይላል፣ እሱም በምስጢር ድምፅ ይቀየር ብዬ ጠይቄያለሁ። ደጋፊም ተቃዋሚም ይናገርበት።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። ከኋላ የተቀመጣችሁት እህቶች፣ ከስብሰባው መጀመሪያ ጀምሮ እጃችሁን ስታነሱ አይቻችኋለሁ፤ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ። እባካችሁ ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉላቸው።